ገበሬውና ቀዩ መስመር

በሆስፒታላችን «ገበሬው» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። እርሻ የለው፣ በሬ የለው፤ የሚዘራው ጀርም ነው። ከሕመምተኛ የተቀዳ ደም ወይም መግል ሲላክለት መዳፍ በምታህል ክብ ሳህን ላይ ይዘራዋል፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ከቶ ያሳድረዋል፣ በማግስቱ የበቀለውን አይቶ ስሙን ይለያል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ይዘራና በየመድኃኒቱ የተነከሩ ጥቃቅን ክብ ወረቀቶች ይደረድርበታል። በወረቀቱ ዙሪያ ጀርሙ ካልበቀለ ያ መድኃኒት ይሠራል ማለት ነው፤ የጠራውን ክብ በማስመሪያ ለክቶ በሚሊሜትር ይጽፋል። ጀርሙ ወረቀቱን አቅፎ ከበቀለ ግን መድኃኒቱ ለዚያ ሰው ከውኃ አይሻልም። ይህን ሥራ ሀያ ሦስት ዓመት ሠርቶታል።

እኔ በዚያው ሆስፒታል የተላላፊ በሽታዎች ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበርኩ። ስለ እሱ እንድጽፍ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከራሴ ጋር የምጣላበት ጊዜ በዝቶልኛል፤ የምጣላውም በአብዛኛው በእሱ ጉዳይ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ክፍሉን የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን አድርገውታል። እዚያ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ባይኖር አይገርመኝም፤ እዚያው ተቀምጦ ሲሠራም ያወቀው አልነበረም።

ረጅም ሰው ነበር፤ ሀያ ሦስት ዓመት ሳህን ላይ ሲያቀረቅር አንገቱ ወደ ፊት ቀርቷል። ለሳህኖቹ የበግ ደም ስለሚያስፈልገው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንዲት በግ ያስቀልብ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ይቺ ደግሞ በየትኛው የሥራ መደብ ነው የተቀጠረችው?» እያለ ይስቃል። እሱም ፊቱን ሳይፈታ፣ «ከሁላችንም የምትሻል ሠራተኛ ናት፤ ደሟን ትሰጣለች፣ ስብሰባ ላይ አትናገርም» ይላል። እኛም ኮሪደር ላይ ባገኘነው ቁጥር «ገበሬው፣ አዝመራው እንዴት ነው?» እንለዋለን። «አዝመራው ጥሩ ነው፤ የሚያጭድ ጠፋ እንጂ» ብሎ ያልፋል። ቀልድ መስሎኝ ስንት ዓመት ስቄአለሁ።

ዘመድ የሚለው አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ነበረችው። እታለም ይላታል፤ እኛም ሌላ ስሟን ሳናውቅ እታለም እያልን ኖርን። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ሆና ገብታ አሳደገችው፣ አስተማረችው፤ ለእሱ ስትል ያዘገየችው ትዳርም በዚያው ቀረ። ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተደርድሯል። እሱ ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላ እንኳ ካውያውን አልተወችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጋዎን ትተኩስለታለች። ከዳይሬክተሩ ጋዎን ይልቅ የገበሬው ጋዎን የሚያምር ስለነበር «የእጅጌው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል» እያልን እንቀልድበት ነበር።

እየተኮሰች፣ «በዚህ ሳምንት ምን በቀለ?» ትለዋለች። ሁሉንም ይነግራታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጀርሞቹን ግን እንደ ጎረቤት ልጆች በጠባያቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። «ያ ባለጌው ደግሞ አሁን የትኛውን መድኃኒት ናቀ?» ትለዋለች። ለጎረቤቶቿም «ሐኪሞቹ የሚያክሙት ወንድሜ በጻፈላቸው ነው» እያለች ትኮራለች። ይህን የነገረኝ በኋላ፣ እሷ ካለፈች ወዲያ ነው። በእሱ ሥራ ያመነች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ያመነችው ያልሆነውን ነው።

ያልሆነውን የምለው ስለማውቅ ነው። በእኛ ክፍል ትኩሳት ይዞት የገባ ሰው ሁሉ «ትልቁ»ን ያገኛል። ትልቁ የምንለው አንድ ብርቱ የመርፌ መድኃኒት ነው፤ በጉሉኮስ ተበጥብጦ በደም ሥር ይሰጣል። ለሳል ትልቁ፣ ለቁስል ትልቁ፣ ምን እንደያዘው ላልታወቀ ሰው ደግሞ ያለ ጥርጥር ትልቁ። ዋናው ሐኪማችን ወጣቶቹ ሐኪሞች ሲያመነቱ ሲያዩ፣ «ትልቁ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል?» ይሏቸዋል። ክፋት አልነበራቸውም። ሕመምተኛው ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት ነው፤ ትልቁ ደግሞ ለብዙ ዓመት አሳፍሮን አያውቅም ነበር።

የደም ናሙና መውሰድ ግን እንወስዳለን። የመግቢያ ቅጹ ላይ ሳጥን አለች፤ እሷ ባዶ እንዳትሆን፣ ለወጉ ያህል። ሌላው የደምና የሽንት ምርመራ ውጤት በዚያው ቀን ስለሚደርስ ቤተሰብ በእጁ ይዞት ይመጣል። የገበሬው ውጤት ሦስት አራት ቀን ስለሚፈጅ የሚሄደው በተላላኪ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን አይቼ አላውቅም። አለመምጣቱን አይቼ ላቦራቶሪው አይሠራም ብዬ ደመደምኩ። ሄጄ አልጠየቅሁም፤ ራሴው ደምድሜ ራሴው አመንኩ፣ አዳዲሶቹን ነርሶችም እንደዚያው አስተማርኳቸው።

ቀዩ መስመርም የእኔ ሥራ ነው። አንድ ሰሞን በክፍላችን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዛመት ቁስል ተነሥቶ ሰባት ሕመምተኞች ጎዳብን። ከየት መጣ ሲባል የሁሉም ጣት ወደ ገበሬው ዞረ። ጀርም የሚያረባ ሰው እያለ ሌላ ማን ይጠረጠራል? እኔ ነኝ ማመልከቻውን የጻፍኩት። ቀለም ቀቢ ተጠርቶ በክፍላችን መግቢያ ወለል ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ መስመር አሠመርኩ፣ በሩ ላይም «የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከዚህ አያልፍም» ብዬ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ጥጥ የተጠቀለለባቸው እንጨቶች ይዞ መጣና ከመስመሩ ማዶ ቆመ። «ሲስተር፣ ፈቃድሽ ከሆነ የእጃችሁንና የቧንቧውን እጀታ ናሙና ልውሰድ» አለኝ። ከመስመሩ ወዲህ ሆነን እጃችንን ዘረጋንለት፤ የቧንቧውን እኔ ጠርጌ አቀበልኩት። አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ምንም አልሰማንም። ንጹሕ ብንሆን ነው አልን፤ መስመሩ ግን እዚያው ቀረ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው እታለም ታማ የተኛችው። ሰኞ ጠዋት ገባች፤ ኩላሊቷ ቆስሎ፣ ጀርሙ ወደ ደሟ አልፎ፣ ትኩሳቷ የአልጋውን ብረት እስኪያንቀጠቅጠው። በመስኮቱ በኩል አሥራ አራተኛው አልጋ ደረሳት። ደም ቀዳሁላት፣ ወደ ገበሬው ላክሁት፣ ትልቁን ሰቀልኩላት። እኛ ዘንድ ቤተሰብ አይገባም፤ ከኮሪደሩ በመስታወት ነው የሚያየው። የሌላ ሠራተኛ እህት ብትሆን ወንድሟን በጓሮ በር አስገባው ነበር፤ ስንቱን አስገብቻለሁ። እሱን መስመሩ ያዘው። እኔም ግባ አላልኩት፣ እሱም አስገቢኝ አላለኝ። መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ያያታል፤ ከዚያ ሆኖ የጉሉኮሱ ጠርሙስ ይታያል፣ በላዩ የተጻፈው አይታይም።

ዓርብ ዕለት መስመሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እኔ የመርፌ ትሪ ይዤ እየሮጥኩ ነበር።

«ሲስተር፣ መድኃኒቷን ቀየራችሁላት?» አለኝ።

«ሁሉም ነገር በደንብ እየሄደ ነው፤ አይዞህ» አልኩት።

ይቺን ቃል ነርስ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። በመስታወቱ ላይ ለተለጠፈ ቤተሰብ የምንሰጣት መልስ ናት። በሳምንት መቶ ጊዜ እላታለሁ፤ ጆሮዬ ጥያቄውን ሳይጨርስ ምላሴ ይመልሳል። እሱ ምን እንደጠየቀኝ የሰማሁት፣ በደንብ የሰማሁት ማለቴ ነው፣ ከአራት ቀን በኋላ ነው። እሱ ግን የባለሙያ ጥያቄ ጠይቆ የባለሙያ መልስ ያገኘ መስሎት፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎኝ ወደ ሳህኖቹ ተመለሰ። ቅዳሜም መጣ፣ ሰኞም መጣ። ቅዳሜም ሰኞም ያችኑ አልኩት።

እሷም ነግራኛለች እኮ። እሑድ ላቧን እየጠረግሁላት ሳለ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ ወንድሜ የጻፈው ደረሰሽ አይደል?»

«አዎ እናቴ።»

«በሱ አክሙኝ። እሱ አይሳሳትም።»

«እሺ እናቴ፣ እሺ» አልኳት። ትኩሳቱ የሚያናግራት መሰለኝ። ከዚያም ተነሥቼ ትልቁን ቀየርኩላት፤ አሮጌውን ጠርሙስ በአዲስ ጠርሙስ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ እንግዳዋ ሐኪም መጣች። በሌላ አገር እንደኛ ያለ ክፍል የምትመራ ሴት ናት። ሁለቱ ሆስፒታሎች በአንድ ዓይነት ቅጽ የተኛውን ሰው ሁሉ ቆጥረው ሊነጻጸሩ ተስማምተዋል፤ ማን ምን አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ ለምን፣ ናሙና ተወስዷል ወይ፣ ውጤቱ መድኃኒቱን አስቀይሯል ወይ። የምንነጋገረውን ወጣቱ ሐኪማችን ይተረጉማል። እውነቱን ለመናገር ገና ስትገባ ደሜ ፈልቷል። የእነሱን በየበሩ የእጅ መታጠቢያ ያለው ሀያ አራት ክፍል ከእኛ አርባ ሁለት አልጋና ወለል ላይ ካነጠፍንላቸው አራት ሰዎች ጋር ልታነጻጽር! ሁለት ነርስ ለአርባ ስድስት ሰው ቆመን ስንውል የት ነበረች? ቅጹን ግን በትሕትና ሞላሁ፤ የሠለጠንኩ ነኝ።

በእነሱ ዘንድ ከሀያ አራቱ አንቲባዮቲክ የሚወስዱት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ትልቁን የሚወስዱት ሁለት። በእኛ ከአርባ ስድስቱ አርባ ሦስቱ ይወስዳሉ፤ ሠላሳ ስድስቱ ትልቁን። አልጋ አልጋ እየዞረች ትጠይቀኛለች።

«ናሙና ተወስዷል?»

«ተወስዷል።»

«ውጤቱስ?»

«አልመጣም።»

በእያንዳንዱ አልጋ ይኸው ነው። አሥራ አራተኛው ላይ ስንደርስ ሰለቸኝ። እታለም ዓይኗን ጨፍና ትቃትታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «አይመጣም» አልኩ። «ላቦራቶሪያችን አይሠራም፤ በየአልጋው አትጠይቂኝ።» ወጣቱ ሐኪም ጨዋ ሰው ስለሆነ አለሳልሶ ተረጎመው መሰለኝ፣ ሴትዮዋ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ቀጥላም በእነሱ ዘንድ የላቦራቶሪው ሰው ጠዋት ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ አልጋ እንደሚዞር፣ የበቀለውን እዚያው እንደሚነግራቸው ነገረችን። ወደ በሩ ስንመለስ ወለሉን አየችና ቀዩ መስመር ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ለንጽሕና ነው» አልኳት።

የማይሠራውን ላቦራቶሪ ልየው አለች። ቅጹ ላይ ርቀት የሚል ጥያቄ ስለነበር እርምጃችንን እየቆጠርን ሄድን። አንድ መቶ አሥር ሆነ።

ገበሬው ማስመሪያውን ይዞ ሳህን እየለካ ነበር። ጋዎኑ ተጨማዷል፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የምትተኩሰው ሴት እኔ ዘንድ ተኝታለች። ሴትዮዋ ጠየቀች፣ እሱም መዝገቦቹን አወረደ፤ በዓመት አንድ፣ ሀያ ሁለት መዝገብ። የዘንድሮውን ከፈተላት። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ውጤት፣ በዚያ እንደ ታተመ ፊደል በሚያምረው የእጅ ጽሕፈቱ። ገጹን ስትገልጥ እኔ አሻግሬ የክፍሌን ስም አየሁ፤ ከገጽ ገጽ የእኛ ክፍል፣ የእኛ ክፍል፣ የእኛ ክፍል።

«ታዲያ የሚሄደው ወዴት ነው?» አለች።

«ወደ ካርድ ክፍል፤ በመመሪያው መሠረት» አለና ከመሳቢያው አንድ የደበዘዘ ወረቀት አወጣ። ውጤት እንዳይጠፋ ሁሉም በሕመምተኛው ካርድ ውስጥ ይቀመጥ ይላል፤ ከሁለት ዳይሬክተር በፊት የነበሩት የፈረሙበት ነው። ያኔ ካርድ አልጋ ራስጌ ይቀመጥ ነበር። ኋላ ካርዶቹ እየቆሸሹ አስቸገሩ ተብሎ ተሰብስበው ካርድ ክፍል ገቡ፤ እኛም አልጋ ላይ በሚንጠለጠል አንድ ገጽ መሥራት ጀመርን። ካርዱ ወደ እኛ የሚመጣው ሕመምተኛው ሲወጣ ወይም ሲሞት፣ ለመዝጊያ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ ፈርመን እንመልሰዋለን እንጂ ውስጡን የሚያገላብጥ የለም። ካርዶቹ ሲዛወሩ መመሪያውን ያስታወሰ አልተገኘም።

ገበሬው ሴትዮዋን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አይደርሳችሁም?»

ዓይኔን ወደ መዝገቡ መለስኩ።

«አንድም ቀን?»

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ አየሁ፤ ማስመሪያው ከእጁ ወደቀ።

«እታለምስ?» አለኝ።

ሮጥኩ። ነርስ አይሮጥም እያልኩ ሀያ ዓመት ያስተማርኩት እኔ ሮጥኩ። የካርድ ክፍሏ ወይዘሮ በሥራዋ የምትኮራ ሴት ናት፤ አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም፣ እውነትም አልጠፋባትም። ቁጥሩን ስነግራት ዓይኗን ሳታርገበግብ ከመደርደሪያው መዝዛ ሰጠችኝ። «ሁሉም በቦታው ነው» አለችኝ። ከፈትኩት። ሐሙስ የተጻፈ ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ እዚያ ተኝቷል። ከላይ የጀርሙ ስም። ከሥሩ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር። ትልቁ፦ ዜሮ፣ አይሠራም። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ማንም የማያዘው ርካሽ አሮጌ መርፌ፦ ሀያ አንድ ሚሊሜትር፣ ይሠራል። ከዚያም በታች፣ በሀያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከቁጥር ሌላ ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጽፏል። «እህቴ ናት። ስለ እግዚአብሔር ዛሬውኑ ቀይሩላት።»

አሮጌውን መርፌ ከእኛው መድኃኒት ቁም ሣጥን፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ አገኘሁት። አቧራውን በጋዎኔ ጠረግሁና ወጋኋት። ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ፤ መስመሩ ላይ ቆሟል። እጁን ይዤ «ና ግባ» አልኩት። ገባ። ከዚያ ቀን በፊት ተሻግሮት አያውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልተሻገረውም።

ረቡዕ ትኩሳቷ ቀነሰ፤ ኩላሊቶቿ ግን ቆመው ነበር። እሱ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ እኔ ጉሉኮሱን እያስተካከልኩ ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

«በጻፍከው አከሙኝ፣ አይደል?» አለችው።

«አዎ እታለም። በጻፍኩት ነው።»

«ነግሬያቸው ነበር» አለችና የጋዎኑን እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛ የተጨማደደውን ደጋግማ ዳበሰችው። «ምነው እንዲህ ሆነብህ? ስወጣ እተኩስልሃለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሞተች። ካርዷ ለመዝጊያ ወደ እኛ መጣ፤ በደንቡ መሠረት። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን ልቤ አልችል ሲለኝ ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ በሩ ላይ ጠፋኝ። እሱ ነው ወንበር የሳበልኝ። ስለ እሷ ነገረኝ፤ ስለ ካውያው፣ ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ለጎረቤት ስለምታወራው። ስሄድ ያን የቁስል ዘመን መዝገብ አውጥቶ ገጹን ገለጠልኝ። «የቧንቧ እጀታ፦ ተገኝቷል። የነርሶች እጅ፦ ከዘጠኙ በሰባቱ ተገኝቷል።» ከሰባቱ አንዱ፣ ሁለተኛ ቁጥር የተሰጠው፣ የእኔ እጅ ነበር። ይህንንም ያኔውኑ ልኮታል። በኋላ የካርድ ክፍሏን ወይዘሮ ሄጄ ጠየቅኋት፤ ታስታውሰዋለች። ቧንቧ ካርድ ስለሌለው የምታስቀምጥበት አጥታ ጣለችው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ያኔ፣ ከመዝገቡ ቀና ብዬ። ድፍረቴን እዩልኝ።

«ጽፌ ነበር» አለኝ።

የንጽጽሩ ሪፖርት ከሦስት ወር በኋላ ደረሰን። ሁለት ዓምድ ነው፤ እነሱ በቀኝ፣ እኛ በግራ። ውጤት አይተው መድኃኒት የቀየሩላቸው ሰዎች ብዛት፦ እነሱ ስምንት፣ እኛ ዜሮ። ይህ የሆነው በሀብታቸው ነው ብዬ በተከራከርኩ እንዴት ደስ ባለኝ። ክፍላቸው፣ መታጠቢያቸው፣ ነርሳቸው የሀብት ነው፤ ይቺ ዜሮ ግን የመቶ አሥር እርምጃ ዋጋ ናት። ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን እንዳዩ ተቆጡና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። የጻፉት ለገበሬው ነው፤ «ውጤት በወቅቱ ባለማድረስ» ይላል። ሄጄ ጮኽኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፣ መመሪያው ነው አልኩ። መመሪያውን የሚመረምር ኮሚቴ እንደሚቋቋም ነገሩኝ። ተቋቋመም፤ አራት ጊዜ ተሰብስቧል። ደብዳቤው ግን ቁጥር ወጥቶለት ስለነበር አልተነሣም።

እኔ በበኩሌ ጠዋት ጠዋት ወደ ካርድ ክፍል እየሄድኩ የእኛን ውጤቶች መልቀም ጀመርኩ። ራውንድ ላይ ለዋናው ሐኪም አቀርባለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፣ «ጥሩ ሥራ ነው» ይላሉ፣ ቀጥለው «ጀምረነዋልና ትልቁን እንጨርሰው» ይላሉ። ሦስት ሰዎች ላይ ተጨቃጭቄ አስቀይሬአለሁ፤ ሁለቱ ድነው ሄዱ። ከዚያ ወገቤን አመመኝና ሁለት ወር ቀረሁ፤ ስመለስ ወረቀቶቹ እንደ ልማዳቸው በካርድ ውስጥ ተኝተው ጠበቁኝ። እሱ በዚህ ሁሉ መሐል መዝራቱን አላቆመም። ጋዎኑ ግን ከዚያ ወዲህ ካውያ አላየም።

በዓመቱ ለሁለተኛው ቆጠራ እንግዳዋ ሐኪም ተመልሳ መጣች። በቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ገብቷል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ ውጤቱን ያቀርባል ወይ የሚል። ዳይሬክተሩ ይህን ቀድመው ሰምተው ኖሮ በዋዜማው ቀዩን መስመር በቀለም ማስለቀቂያ አስፈገፈጉት፣ በሩ ላይ የለጠፍኩትንም አስነሡት። መስመሩ ጠፍቶ በቦታው ከሌላው ወለል የነጣ ሌላ መስመር ወጣ። ለገበሬው ደግሞ በሦስት ሰዓት ውጤቶቹን ይዞ እንዲገኝ ትእዛዝ ደረሰው። ጡረታው ሊደርስ አንድ ወር ነበር የቀረው።

በሦስት ሰዓት መጣ፤ ሰዓት አያዛንፍም። በተጨማደደው ጋዎኑ፣ ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ ይዞ። የነጣው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁላችንም ወዲህ ነን፤ ዳይሬክተሩ፣ ዋናው ሐኪም፣ ወጣቱ ሐኪም፣ እንግዳዋና እኔ። ከኋላችን አሥራ አራተኛው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል፤ ትልቁ ተሰቅሎለታል።

«ግባ እንጂ!» አሉት ዳይሬክተሩ እየሳቁ። «ቤትህ አይደል እንዴ?»

አልተነቃነቀም። እንግዳዋ አወቀችው፤ በእጇ ጠራችው፣ በፊቷ ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር። አሁንስ የምትጽፈው ለሐኪሞቹ ይደርሳል ወይ ብላ በወጣቱ ሐኪም አስጠየቀችው። እሱ እሷን አላያትም፤ እኔን ነው ያየው። ወረቀቶቹን በነጣው መስመር ላይ አሻግሮ አቀበለኝና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ሲስተር፣ ሁሉም ነገር በደንብ እየሄደ ነው በያት።»

ፊቱን አዙሮ ሄደ። እርምጃው ኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ይሰማኛል፤ ሳላስበው እቆጥር ነበር። ሁሉም እኔን ያያሉ። ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል፣ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ትጠብቃለች። ወረቀቶቹ በእጄ ናቸው፤ ከላይ ያለው የአሥራ አራተኛው አልጋ ነው፣ ትልቁ ትይዩ ዜሮ ተጽፏል።

«ሁሉም ነገር በደንብ እየሄደ ነው» አልኳት።

ወጣቱ ሐኪም ተረጎመላት፤ እሷም ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አደረገች።